ያውቁ ኖሯል? የዴቶል ሌላ ሥራ
በእንግሊዝ አገር የጦር ጨዋታ አሻንጉሊት ወታደሮችን መቀባት የሚወዱ ሰዎች፣ አሮጌ ቀለም ለማስለቀቅ ቁስል የምናጥብበትን ዴቶል ይጠቀማሉ። ወታደሩን ባልተበረዘ ዴቶል ዘፍዝፈው ያሳድሩትና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሲፈገፍጉት አክሪሊክ ቀለሙ እየተላጠ ይወርዳል፤ ፕላስቲኩን አይነካውም። እዚህ ላይ ጠላቱ ውኃ ነው። ቀለሙ ተጠርጎ ሳያልቅ ውኃ ከነካው የላላው ሁሉ እንደ ማስቲካ የሚጣበቅ ዝቃጭ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ በንጹሕ ዴቶል ይለቀለቃል፣ ሳሙናና ውኃ ከዚያ በኋላ ነው።

አሴቶንስ? ለብረት ግሩም ነው። ፖሊስታይሪን ፕላስቲክ ግን ራሱ ይሟሟበታል፤ የወታደሩ አፍንጫና ጣት ከቀለሙ ጋር አብሮ ይሄዳል። ከድሮዎቹ የብረት ወታደሮች ብዙዎቹ እርሳስ ስላለባቸው በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ አይመከርም፤ ብናኙ መርዝ ነው። በዴቶል ሲሠራም ጓንት ያስፈልጋል። ቤቱ ሆስፒታል ሆስፒታል መሽተቱ ግን አይቀርም።