የጸደይ ምልክት በጓሯችን

በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አከፋፈል በጋው የሚፈጸመው መጋቢት 25 ቀን ነው፤ ጸደይም በማግሥቱ ገብቶ እስከ ሰኔ 25 ቀን ይቆያል። ዛፎች ግን ይህን ቀን ሳይጠብቁ አስቀድመው ምልክት ይሰጣሉ። በደጋ አገር በጓሮው ኮክና ሎሚ የተከለ ሰው ምልክቱን የሚያየው ገና በዐቢይ ጾም ሳለ ነው።

ኮክ እንደ ሎሚና እንደ ብርቱካን ዘወትር ለምለም አይደለም። ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን የሚቆምበት ጊዜ አለው፤ ለማበብም ብርድ ያስፈልገዋል። ጊዜው ሲደርስ እምቡጡ ያብጣል፤ ቅጠሉም ሳይሰፋ ፈዘዝ ያለ ቀይ አበባ ያወጣል። የበልግ ካፊያ ሲጀምር ደግሞ የሎሚው ነጭ አበባ ጓሮውን በመዓዛው ይሞላዋል፤ ንብም ይሰበሰባል።

በእኛም ጓሮ አያታችን የተከሉት አንድ ኮክ አለ። ሁለት ዓመት ሳያብብ ስለ ቀረ፣ ቆርጠን በቦታው የሚከራይ ክፍል ልንሠራ አስበን ነበር። የኪራዩ ገንዘብ ለቤታችን የሚያስፈልግ ስለ ነበረ ቤተ ሰቡ በሐሳብ ተከፈለ። እናታችን ግን፣ «አስቀድማችሁ በሕይወት መኖሩን እዩ» አሉን። የቀንበጡን ልጥ በጥፍራችን ጥቂት ብንፍቀው ውስጡ አረንጓዴና እርጥብ ሆኖ ተገኘ። ቡናማና ደረቅ ቢሆን ኖሮ ያ ቀንበጥ ሞቷል ማለት ነበር። ስለዚህ የደረቁትን ቅርንጫፎች ብቻ ቆርጠን፣ ሥሩን ሳንጎዳ ዙሪያውን ኮተኮትን፤ በሚገባ የበሰበሰ ፍግም ግንዱን ሳናስነካ አደረግንለት።

በሦስተኛው ዓመት፣ የደብረ ዘይት ዕለት ከቅዳሴ ስንመለስ፣ በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ ጥቂት አበቦች አየን። በዚያ እሑድ የሚነበበው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ከበለስ ምሳሌ እንድንማር ያዘናል፤ ጫፏ ሲለሰልስና ቅጠሏ ሲያቈጠቍጥ የበጋውን መቅረብ እናውቃለንና። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ደግሞ አትክልተኛው ፍሬ ላጣችው በለስ አንድ ዓመት ለምኖላታል። እኛ ይህን ምሳሌ ደጋግመን ሰምተነው ሳለ፣ መጥረቢያውን አዘጋጅተን ነበር።

አበባ በወጣ ጊዜ የተባይ መድኃኒት መርጨት አይገባም፤ ንቡን ይገድላልና። ፍሬው በብዛት ከያዘም ገና ጥሬ ሳለ አሳስቶ፣ በፍሬና በፍሬ መካከል አንድ ስንዝር ያህል መተው ይጠቅማል፤ የቀረው እንዲወፍር፣ ቅርንጫፉም እንዳይሰበር ነው።

ክፍሉ አልተሠራም፤ ኪራዩም ቀርቶብናል፤ የዚያ ዓመት ፍሬም ከአንድ ሰሐን አልበለጠም። ነገር ግን ልጆቻችን ከዛፉ አንድ ትምህርት አግኝተዋል። በየቤታችን ትምህርት የዘገየበት ልጅ፣ ከዘመድ የራቀ ወንድም አይጠፋም። በእርሱም ላይ ከመፍረዳችን በፊት ልጡን ፍቀን እንይ፤ አንድ ዓመትም እንታገሠው። የታገሠን አምላክ ለእኛም ትዕግሥትን ያድለን።