እስከ ጉልበት በረዶ የገባው ንጉሥ

በስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ዐፄ ካሌብ በደቡብ ዓረብ ወዳለው ወደ ሂምያር ለመዝመት ሲሰናዳ ለቀይ ባሕሩ ወደብ ለአዱሊስ ገዥ ትእዛዝ ላከ። ወደ አክሱም በሚወስደው በር አጠገብ ከነጭ እብነ በረድ የተሠራ ዙፋን፣ ከዙፋኑ ኋላም ጥቁር ድንጋይ ነበር። ሁለቱም የግሪክኛ ጽሑፍ ተቀርጾባቸዋል። ንጉሡ ጽሑፉ ተገልብጦ ይላክልኝ አለ። ገዥው ሥራውን ለሁለት ነጋዴዎች ሰጠ፤ አንዱ ሜናስ፣ ሌላው የእስክንድርያው ኮስማስ ነበሩ። ገልብጠው ለገዥው ሰጡ፤ ኮስማስ ግን ለራሱም ቅጂ አስቀረ። ኋላ መንኩሶ መጽሐፍ ሲጽፍ ያንኑ ቅጂ አስገባው። ባያስገባው ኖሮ ዛሬ ምንም አይኖረንም ነበር፤ ዙፋኑም ጥቁሩም ድንጋይ እስካሁን አልተገኙም።

ከጽሑፉ ውስጥ ልብ የሚይዘው ስለ ተራራ የሚናገረው ክፍል ነው። ተናጋሪው ብዙ ሕዝብ ማስገበሩን ይዘረዝራል፤ አጋመ አለበት፣ አገው አለበት፣ ቤጃ አለበት። ስሜን ላይ ሲደርስ ግን ዝርዝሩን ትቶ ስላየው ነገር ይናገራል። ከአባይ ማዶ፣ ለመውጣት አስቸጋሪ በሆነ ተራራ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው ይላል፤ ዓመቱን ሙሉ ክረምት፣ በረዶና ውርጭ እንደሆነ፣ አመዳዩም ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚውጥ ይገልጻል። ወንዙን ተሻግሮ እንዳስገበራቸውም ይናገራል። በእኛ አገር ከፍተኛ ተራራ ላይ ስለ መውጣት በአንደኛ መደብ የተነገረ ከዚህ የቀደመ ቃል አላውቅም።

ማን ነው የተናገረው?

ኮስማስ የመሰለውን መለሰ። ጥቁሩ ድንጋይ የግብፁን ንጉሥ የሦስተኛውን ፕቶሎሚን ስም ስለያዘ፣ የዙፋኑንም ጽሑፍ የዚያው ቀጣይ አድርጎ አነበበው። አንባቢዎቹም ተከተሉት። ከሺህ ዓመት በላይ የስሜንን በረዶ የረገጠው ፕቶሎሚ ነው ሲባል ኖረ።

ቃልን ከባለቤቱ መንጠቅ በተራራ ወጪዎች ዘንድ ዛሬም አለ። ኤቨረስት ላይ ለምን ትወጣለህ ተብሎ «ስላለ ነው» ብሎ የመለሰው ጆርጅ ማሎሪ ነው፤ መልሱ በመጋቢት 1923 በኒውዮርክ ታይምስ ታተመ። ብዙ ሰው ግን ይህን ቃል በ1953 ከቴንዚንግ ኖርጌይ ጋር ጫፉ ላይ ለደረሰው ለኤድመንድ ሂላሪ ይሰጣል። ማሎሪ በ1924 ተራራው ላይ ጠፍቶ ቀረ። አስከሬኑ በ1999 ሲገኝ ፈላጊዎቹ መጀመሪያ ባልንጀራው ኧርቪን ነው ብለው ነበር፤ ማሎሪ መሆኑን የነገራቸው ልብሱ ላይ የተሰፋው ስም ነው። የአዱሊሱ ተናጋሪ ስም ግን አብሮት አልቆየም፤ የዙፋኑ ጽሑፍ መጀመሪያ ጎድሏል።

ስሙ የጎደለውን ሰው ከቃሉ ለመለየት የመጀመሪያው ምልክት በረዶው ነው። በ1770 ገደማ አገራችንን ያየው ጄምስ ብሩስ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ አመዳይ አይታይም ብሎ ነበር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ግን በ1810 በስሜን ጫፎች ላይ በዓይኑ አየው። ትግራይ የተቀመጠው ናትናኤል ፒርስም በ1807 ወደ ስሜኑ አምባ ሐይ ሲወጣ ከባድ የአመዳይ ውርጅብኝ ወርዶበታል። እንግዲህ የዙፋኑ ተናጋሪ በሩቅ የሰማውን አይደለም ያወራው።

ሶልት ሌላም ነገር ይዟል። በ1805 አክሱም ላይ የንጉሥ ዒዛናን የግሪክኛ ጽሑፍ አግኝቶ ነበር፤ ዒዛና እዚያ ራሱን የማይሸነፈው አምላክ የአሬስ ልጅ ይላል። የአዱሊሱም ተናጋሪ የወለደኝ የሚለው አሬስን ነው። ፕቶሎሚ ግን በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ዘሩን የሚቆጥረው ከሄራክልስና ከዲዮኒሶስ ነው። ዙፋኑ በነገሥኩ በ27ኛው ዓመት ሲል፣ ፕቶሎሚ የነገሠው 25 ዓመት ያህል ብቻ ነው። ሶልት በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለቱ ጽሑፎች የሁለት ሰዎች እንደሆኑ፣ የዙፋኑም የአክሱም ንጉሥ ቃል መሆኑን አሳየ።

ለእኔ ከሁሉ በላይ የሚያሳምነኝ ግን «ማዶ» ማለቱ ነው። ይህንን ቃል ጎጃም ውስጥ ግንደወይን ላይ ሆኖ የሚሰማ ሰው ወዴት እንደሚያይ አስቡት። የግንደወይንን ወረዳ ጎንቻ ሲሶ እነሴን በሰሜን በኩል የሚያዋስነው አባይ ነው፤ ለግንደወይን ሰው ከአባይ ማዶ ያለው ብርድ አገር በጌምድር፣ ተራራውም ጉና ነው። ከበጌምድር ለሚያይ ደግሞ ማዶው ጎጃም፣ ብርዱም ጮቄ ይሆናል። ሁለቱም ከ4,000 ሜትር በላይ ናቸው፣ ውርጫቸውንም የሚያውቅ ያውቀዋል። ስሜን ግን ከጉና ሲታይ አባይ ማዶ አይሆንም፤ ከግንደወይን ሲታይም አባይን እንደተሻገሩ የሚገኘው በጌምድር እንጂ ስሜን አይደለም። ወንዝ እንደተሻገረ ስሜን የሚደርሰው ከትግራይ በኩል የተነሣ ሰው ነው፤ የሚሻገረውም ተከዜን ነው። የጥንት ሰዎች በአትባራ በኩል ከአባይ የሚገናኘውን ተከዜን ከአባይ ጋር አንድ አድርገው ይጠሩት ነበር። ተናጋሪው ስሙን ባይነግረንም፣ የቆመበትን ወገን ነግሮናል። ከእስክንድርያ የመጣ ንጉሥ በዚያ መልኩ «ማዶ» አይልም።

የቀረው ስሙ ነው። ሊቃውንቱ ዘመኑን በሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወይም በሦስተኛው ያደርጉታል። አንዳንዶቹ በደቡብ ዓረብ ጽሑፎች የሚታወቀውን ገደራትን ያስባሉ። ሌሎች ሰምብሩቴስ ነው ይላሉ፤ የእርሱ የግሪክኛ ጽሑፍ በኤርትራ ደቂ ማሃሪ ተገኝቷል፣ 24ኛ የንግሥና ዓመቱንም ይጠቅሳል። ከ24 እስከ 27 ሦስት ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ እኔ ወደ ሰምብሩቴስ አዘነብላለሁ። ይህ ግን ግምት ነው፤ የሚያጸናውም የሚያፈርሰውም የዙፋኑ የመጀመሪያ መስመር ነው፣ እሱም ካለ ያለው አዱሊስ አፈር ውስጥ ነው።