ማሩ የንብ፣ ልኩ የቤተሰብ
ትውውቅ ከደባርቅና ከዳባት የጓሮ ቀፎ ጋር

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚያቀናው መንገድ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አቋርጦ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሞላ ደባርቅ ይገባል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ናት። ከእሷ ወዲያ በአንድ ወገን የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ በሌላው ወገን የሊማሊሞ ቁልቁለት አለ። መንገደኛ ይህን አገር የሚያውቀው በገብሱ፣ በብርዱና በጭላዳው ነው። ከቤቱ ክፈፍ ሥር የተጋደመውን፣ በእበት የተለቀለቀውን ድብልብል ቀፎ ግን ልብ ሳይለው ያልፋል።

ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ ናት። አብዛኛው ማር የሚገኘውም ከሰፋፊ የንብ እርሻ ሳይሆን፣ በየጓሮው ጥቂት ቀፎ ካላቸው ገበሬዎች ነው። ያ በእበት የተለቀለቀ ቀፎ እንግዲህ ከትልቁ ምርት ምንጮች አንዱ ነው። ይሁንና ቀፎ ያለው ቤተሰብ ማር ይሠራል ማለት አይደለም፤ የምትሠራው ንቧ ናት። የቤተሰቡ ሙያ መቼ እንደሚቆረጥና ምን ያህል እንደሚተው ማወቅ ነው።

ያለ እሳት የሚተን ውሃ

በካናዳና በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ገጠሮች፣ የክረምቱ በረዶ ሊቀልጥ ሲል ቤተሰብ ተሰብስቦ ሜፕል የሚባለውን ዛፍ ግንድ ይበሳና የሚንጠባጠበውን ውሃ በባልዲ ያጠራቅማል። በውሃው ውስጥ ያለው ስኳር ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ብቻ ነው። አንድ ሊትር ሽሮፕ ለማግኘት 40 ሊትር ያህል እሳት ላይ ጥዶ ማፍላት የግድ ነው። ማገዶውም፣ ጊዜውም፣ ላቡም የቤተሰቡ ነው። የደባርቅ ገበሬ ይህንን ሥራ ለንብ ትቶታል።

ንብ ከአበባ የምትቀስመው ጣፋጭ ፈሳሽም ብዙውን ጊዜ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ቀሳሚዋ በሆዷ ባለው የማር ከረጢት ይዛው ትመጣና ቀፎ ውስጥ ለሚሠሩት እኅቶቿ ታስረክባለች። እነሱ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበሉ ከሰውነታቸው የሚመነጭ ኢንዛይም ይጨምሩበታል፤ ኢንዛይሙም ስኳሩን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይከፍለዋል። ከዚያ በማር እንጀራው ዐይኖች ውስጥ አኑረው በክንፋቸው ያራግቡታል። ዕጭ የሚያድግበት የቀፎው መካከል 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚሞቅ ውሃው ቀስ እያለ ይተናል። የውሃው መጠን ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ ማሩ በሰለ ማለት ነው፤ ንቦቹም ዐይኑን በስስ ሰም ይከድኑታል።

አናቢው የሚጠብቀው ይህንን ክዳን ነው። የተከደነ ማር ሳይበላሽ ዓመታት ይቀመጣል። ሳይከደን የተቆረጠ ግን ውሃው ስላልደረቀ ማሰሮ ውስጥ ይቦካል። አንዲት ሠራተኛ ንብ በሥራ ወራት የምትኖረው ስድስት ሳምንት ያህል ነው፤ በዚህ ዕድሜዋ የምታበረክተው ማርም አንዲት የሻይ ማንኪያ አይሞላም። አንድ ኪሎ ማር ከሺህ በላይ ንቦች የዕድሜ ልክ ሥራ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የኢትዮጵያን ንቦች ከመደቡት ተመራማሪዎች አንዳንዶቹ የሰሜኑን ተራራማ ደጋ ንብ ሞንቲኮላ በሚባለው ዝርያ ውስጥ አስቀምጠዋታል። በምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ተራሮች የምትገኝ፣ ጠቆር ያለች፣ ብርድ የምትችል ንብ ናት።

የአበባው ዓመት

የገበሬው ዓመት በዝናብ ይከፈላል፤ የንቧ ዓመት ደግሞ ዝናቡን ተከትሎ በሚመጣው አበባ። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ፣ መጭና ማገጥ ሜዳውንና የማሳውን ዳር ያለብሱታል። ባቄላውም ያብባል። ወደ ተራራው ከፍ ሲሉ አስታ፣ አሜጃ፣ ኮሶና ጦስኝ አሉ። በከተሞቹ ዙሪያ የተተከለው ባሕር ዛፍም ለንብ ትልቅ ቀለብ ነው። ማሩ መልኩንና መዓዛውን የሚይዘው ከእነዚህ ነው፤ ከአደይና ከመጭ የተቀሰመው ወርቃማ ቢጫ ሲሆን፣ አስታ የበዛበት ጠቆር ይላል።

ዋናው ቆረጣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር ይውላል። የበልግ ዝናብ ከቀናም በግንቦትና በሰኔ መካከል ትንሽ ምርት ይገኛል። በእነዚህ ሁለት ወቅቶች መካከል ሁለት የረኀብ ጊዜዎች አሉ። አንደኛው አበባው የሚደርቅበት ከጥር እስከ መጋቢት ያለው በጋ ነው። ሁለተኛው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ዝናቡና ጉሙ ንቧን ከቤት አያስወጣትም። ንብ ማር የምታከማቸው ለእነዚህ ወራት እንጂ ለሰው አይደለም። ቤተሰቡ በኅዳር ሁሉንም ጠርጎ ከወሰደ በየካቲት ቀፎው ይራባል፤ የተራበ ንብ ደግሞ ወይ ያልቃል ወይ ቀፎውን ጥሎ ይኮበልላል።

ጠንቃቃ አናቢ በክፉው ወር ቀለብ ይሰጣል። ማር ወይም ስኳር በውሃ በጥብጦ ያቀርባል፤ የአበባ ዱቄት ሲጠፋ ደግሞ በሶ ወይም ሽሮ ያኖርላቸዋል። ገብስ በሚበቅልበት በዚህ አገር ንብም ሰውም በሶ የሚቀማመሱበት ወር አለ ማለት ነው።

ቀፎውና ነዋሪዎቹ

ባህላዊው ቀፎ ከሸምበቆ፣ ከቀርከሃ ወይም ከጭራሮና ከሐረግ ተጠላልፎ ይሠራል። ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ውስጡም ውጩም በእበት፣ በጭቃና በአመድ ይመረጋል። በፊት በኩል ለንቦቹ መግቢያ ጠባብ ቀዳዳ ይተውለታል፤ የኋላው ክዳን የሚከፈተው ለቆረጣ ነው። በደጋው ብርድ የተነሣ ቦታው ከቤቱ ክፈፍ ሥር ወይም ግድግዳው ጥግ ነው፤ የቤቱ ሙቀት ለንቦቹም ይደርሳል። ከታች የሚነሰነሰው አመድ ደግሞ ለጉንዳን ነው። አንድ የጉንዳን ሰልፍ በአንዲት ሌሊት ቀፎ ባዶ ሊያደርግ ይችላል።

በዚህ ቀፎ ውስጥ አቀማመጡ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። እናቲቱ እንቁላል የምትጥልበትና ዕጩ የሚያድግበት ክፍል ወደ መግቢያው ይቀርባል፤ ማሩ ወደ ኋላ ይከማቻል። እናቲቱ በደህና ወቅት በቀን ከሺህ በላይ እንቁላል ትጥላለች። ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል ተነሥታ ለመውጣት 21 ቀን፣ ድንጉላው 24 ቀን፣ አዲስ እናት ግን 16 ቀን ብቻ ይፈጅባቸዋል። ከመስከረም እስከ ጥቅምት ቀፎው ሲጠብባቸው አሮጌዋ እናት ከፊሉን ሕዝብ ይዛ ትወጣለች። በዚያ ሰሞን ልጆች ዐይናቸው ከቀፎው አይነቀልም፤ መንጋው ወጥቶ የት ዛፍ ላይ እንዳረፈ ማየት የእነሱ ድርሻ ነው። አባት ባዶ ቀፎ በወይራ ጭስ አጥኖ ያቀርባል። እናቲቱ ከገባች ሌላው ይከተላል።

ዘመናዊው ቀፎ በተነቃናቂ ፍሬም የሚሠራ የእንጨት ሣጥን ነው። ሐሳቡ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1851 ሎሬንዞ ላንግስትሮዝ የተባለ አሜሪካዊ ቄስ ካስተዋለው ነገር ነው። በሁለት እንጀራዎች መካከል አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ክፍተት ከተተወ ንቦቹ መተላለፊያ ያደርጉታል እንጂ በሰም አይደፍኑትም። ፍሬሙን አንሥቶ መመለስ የተቻለው በዚህ ነው። በአገራችን የሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይህን ዓይነቱን ቀፎ በማላመድና በማስተማር ይታወቃል። ባህላዊው ቀፎ በዓመት ከአምስት እስከ ስምንት ኪሎ ሲሰጥ፣ በደንብ የተያዘ ዘመናዊ ቀፎ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሊሰጥ ይችላል። ማሩ በመዘውር ተሽከርክሮ ከወጣ በኋላ ባዶው እንጀራ ስለሚመለስ ንቦቹ አዲስ ሰም ለመሥራት ብዙ ማር አይጨርሱም። ነገር ግን ሣጥኑ፣ የተዘጋጀው ሰምና መዘውሩ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ሥልጠናም ያስፈልጋል። ሁለት ቀፎ ብቻ ላለው ቤት ጭቃውና ሐረጉ ዛሬም ያዋጣሉ።

የቆረጣው ማታ

ማር የሚቆረጠው ሲመሽ ነው። በጨለማ ንብ አትበርም፤ ትድሃለች። ከዚያ በፊት አህያው፣ በጉና ዶሮው ከአካባቢው ይርቃሉ፤ ታስሮ የቀረ እንስሳ መሸሽ ስለማይችል በንብ ይሞታል። የተነደፈ ሰው የሚገባበትን መርዝ ለመቀነስ እሾኹን ወዲያው ጠርጎ ማውጣት አለበት። ንብ ስትነድፍ ሙዝ ሙዝ የሚል ሽታ ትለቃለችና ሌሎቹን ወደዚያው ቦታ ትጠራለች።

ጭሱ ሁለት ሥራ አለው። የማስጠንቀቂያውን ሽታ ይሸፍናል፤ ንቦቹም እሳት የመጣ መስሏቸው ማር ጠጥተው ሆዳቸውን ይሞላሉ፤ የጠገበች ንብ ለመናደፍ አትቸኩልም። ደረቅ እበት ወይም ጨርቅ የሚጨሰው ለዚህ ነው፤ ነበልባል እንዳይወጣው መጠንቀቅ ግን የአጫሹ ኃላፊነት ነው።

አንዱ ያጨሳል፣ አንዱ መብራት ይይዛል፣ አንዱ ይቆርጣል፤ የተቆረጠውን የሚቀበለው የታጠበ ዕቃ ይዞ ይቆማል። ቆራጩ የኋላውን ክዳን ከፍቶ የተከደነውን እንጀራ አንድ በአንድ ወደ ፊት እየቆረጠ ይሄዳል። ዕጭ የያዘው እንጀራ ሲደርስ ያቆማል። ከዕጩ አጠገብ ያለውን ሁለት ሦስት የማር እንጀራ ደግሞ ለንቦቹ ይተዋል። ጥሩ አናቢ ከመጥፎው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ዕጩን አብሮ የሚቆርጥ ሰው በዚያ ማታ ጥቂት ኪሎ ይጨምርለታል፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ወር ቀሳሚ ሊሆኑ የነበሩትን ጨረሰ፣ ማሩንም በዕጭ ጭማቂ አበላሸ።

ከማሰሮ እስከ ጧፍ

ማሩ ቤት ሲገባ መንገዱ ይለያያል። ጥቂቱ ከነእንጀራው ይበላል። ጥቂቱ በውሃ ተበጥብጦ ብርዝ ይሆናል፤ ብርዝ ስላልቦካ ልጅም፣ ጠጅ የማይጠጣ እንግዳም ይጠጣዋል። የቀረው ለጠጅ ይውላል ወይም ገበያ ይወጣል። ጠጅ ለመጣል አንድ እጅ ማር ከሦስት እስከ አራት እጅ ውሃ ይበጠበጣል፤ ጌሾ ይገባበታል፤ በወይራ በታጠነ ጋን ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። በላዩ የሚንሳፈፈው ሰፈፍ አይጣልም። በሙቅ ውሃ ቀልጦ በጨርቅ ይጠለልና ሲቀዘቅዝ ንጹሕ ሰም ይሆናል። ሰም 63 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚቀልጥ ብዙ ማገዶ አይጠይቅም። ከፈትል ጋር ሆኖ የቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚሆነው ይህ ነው።

የደጋ ማር አንድ አለመግባባት ይከተለዋል። ማር ፈጥኖ የሚረጋው 14 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የደባርቅ ቤት ሙቀት ደግሞ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በኅዳር የተቆረጠው በጥር ድፍን ነጭ ቢሆን፣ የከተማ ገዢ «ስኳር ገብቶበታል» ብሎ ይጠራጠራል። መርጋት ግን የማር ተፈጥሮ እንጂ የማጭበርበር ማስረጃ አይደለም። ለማለስለስ ዕቃውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል፤ እሳት ላይ የተጣደ ማር መዓዛውን ያጣል። አንድ ማሳሰቢያ ግን ለሁሉም ቤት ነው፦ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር ለአዋቂ ባይጎዳም ለሕፃን አደገኛ ነው።

ልክ ማወቅ ከጓሮ ውጭ

ቤተሰቡ ልኩን ቢያውቅም ንቧ ከቤቱ አጥር ርቃ ትቀስማለች። ጎረቤት በአበባ ሰዓት ፀረ ተባይ ወይም ፀረ አረም ከረጨ ጉዳቱ ለሁሉም ቀፎ ነው። ስለ ንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 660/2002 አገራዊ ሕግ ነው፤ በሰፈር ደረጃ ግን የሚሠራው ቀላል ስምምነት ነው፦ የሚረጨው ሰው አስቀድሞ ይንገር፣ ንብ ከገባች በኋላ በማታ ይርጭ። ተራራውም እንዲሁ ነው። የስሜን ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች አንዱ ነበር፤ በሰፈራ፣ በግጦሽና በእርሻ ግፊት ምክንያት ግን ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቷል። አስታና ኮሶ ሳይቆረጡ ቆመው ገቢ የሚያስገቡበት አንዱ መንገድ ቀፎ ነው።

ቀፎ ለመጀመር ለሚያስብ ቤተሰብ የሚሰጠው ምክር ታዲያ ከዚሁ የወጣ ነው። ሥራውን ከመስከረም በፊት ይጀምር፤ ቀፎውን ሠርቶ፣ አጥኖ፣ ከጉንዳን ጠብቆ መንጋ ይጠብቅ። ንብ ከገባለት የመጀመሪያውን ኅዳር ቢላዋ አያንሣ። አዲስ የገባ መንጋ ሰሙንም፣ ዕጩንም፣ ቀለቡንም ከባዶ ስለሚጀምር ያጠራቀመው ለራሱ እንኳ ከበቃ ጥሩ ነው። የዓመት ትዕግሥት የሌለው ሰው ማር ከገበያ ቢገዛ ይሻለዋል።