ስለ ተተከለ ኩላሊት መድኃኒት አወሳሰድ፤ ከአርዲቦ ዳር የተገኘ ትምህርት

የአርዲቦ ሐይቅ በደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ባሕር ከፍ ብሎ፣ በተራሮች መካከል የሚገኝ ውኃ ነው። የዳሩ ሰው በእርሻና ዓሣ በማጥመድ ይኖራል። ከዚሁ አገር የሆኑ አንድ የቅርብ ዘመዳችን ሁለቱ ኩላሊቶቻቸው ሥራ ስላቆሙ፣ ታናሽ እኅታቸው አንድ ኩላሊታቸውን ሰጥተዋቸው በአዲስ አበባ ንቅለ ተከላ ተደረገላቸው። ወደ ቤታቸው በተመለሱ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን እግዜር ማረዎ» እያለ ጠየቃቸው። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ግን «ከዳኑ ወዲያ ስለምን እስከ ዛሬ ኪኒን ይውጣሉ?» የሚለው ሰው በዛ። በዚህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠትና መድኃኒቱ ያለ አደጋ የሚወሰድበትን መንገድ ለመግለጽ እንሞክራለን። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ የእያንዳንዱን በሽተኛ መጠን የሚወስነው ሐኪሙ ብቻ መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ስለ ነገሩ ታሪክ ጥቂት እንናገር። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ዶክተር ጆሴፍ መሪና ጓደኞቻቸው ከአንድ ሰው ኩላሊት ወስደው ለመንትያ ወንድሙ ተከሉለት፤ ኩላሊቱም ሠራ። ሥራው የተሳካው ወንድማማቾቹ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለ ነበሩ ነው። መንትያ ላልሆነ ሰው ግን መድኃኒት መፈለግ ግድ ሆነ። በ1960ዎቹ አዛታዮፕሪን፣ ቀጥሎም በኖርዌይ አፈር ውስጥ ከተገኘ ሻጋታ ሳይክሎስፖሪን፣ በ1984 ደግሞ በጃፓን አፈር ውስጥ ከተገኘ ረቂቅ ሕዋስ ታክሮሊመስ ወጣ። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ነው። ከዚያ በፊት ዐቅም ያለው ሰው ወደ ሕንድና ወደ ሌሎችም አገሮች ይሄድ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። በሰው ደም ውስጥ ያሉት ነጭ ሕዋሳት ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ እንደ ያዘ የማሽላ ጠባቂ ናቸው። ወፍም ቢሆን ዝንጀሮም ቢሆን፣ የማያውቁትን ሁሉ ይወነጭፋሉ። የተተከለው ኩላሊት ከእኅት ቢመጣም ለእነዚህ ጠባቂዎች ባዕድ ነው። ጠባቂው ደግሞ እንግዳውን ለምዶ ይተወዋል ማለት አይቻልም፤ ዓመታት ካለፉም በኋላ መድኃኒቱ ከተቋረጠ ወንጭፉን ያነሣል። ስለዚህ በሽተኛው ኪኒን የሚውጠው ስላልዳነ ሳይሆን እንደ ዳነ እንዲቆይ ነው። ጠባቂው ፈጽሞ ከታሰረ ግን ማሽላውን ወፍ ይጨርሰዋል፤ ይኸውም ሰውነት ለሳንባ ነቀርሳና ለሌላውም ተላላፊ በሽታ የተጋለጠ ይሆናል። የመድኃኒቱ ጥበብ ከእነዚህ ከሁለቱ አደጋዎች መካከል መሄድ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ በሽተኛው ታክሮሊመስ፣ ማይኮፊኖሌትና ፕሬድኒሶሎን የሚባሉትን ሦስት መድኃኒቶች አንድ ላይ ይወስዳል። ከእነዚህ ታክሮሊመስ ልኩ እጅግ ጠባብ ነው። ቢያንስ ሰውነት ኩላሊቱን ይጥለዋል፤ ቢበዛ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ኩላሊቱን ይጎዳል፣ እጅን ያንቀጠቅጣል፣ በደም ውስጥ ያለውንም ስኳር ከፍ ያደርጋል። ፕሬድኒሶሎንን በድንገት ማቆም ለብቻው አደገኛ ነው። ማይኮፊኖሌት በማሕፀን ያለውን ፅንስ ስለሚጎዳ፣ ለመውለድ የምታስብ ሴት ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ማማከር አለባት።

ስለ ሰዓቱ። በቀን ሁለት ጊዜ የሚዋጠው ታክሮሊመስ በየ12 ሰዓቱ መወሰድ አለበት። በዚህ ረገድ የአገራችን ሰዓት አቈጣጠር ይረዳናል፤ ጧት በ1 ሰዓት የዋጠ ሰው ማታም በ1 ሰዓት ይውጣልና ቁጥሩ አንድ ነው። መድኃኒቱ ከምግብ በፊት ከተለመደ ሁልጊዜ ከምግብ በፊት፣ ከምግብ በኋላም ከተለመደ ሁልጊዜ እንደዚያው ይሁን፤ ምግብ ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይለውጠዋልና። የረሳ ሰው ለማካካስ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይዋጥ፤ ምን ማድረግ እንደሚገባው አስቀድሞ ከሐኪሙ ጠይቆ በወረቀት ይያዝ። ከዋጠ በኋላ ያስመለሰው ወይም ብርቱ ተቅማጥ የያዘው ሰውም ሳይውል ሳያድር ለሐኪሙ ይንገር።

ስለ ደም ምርመራ። ሐኪሙ ሊያውቅ የሚፈልገው መድኃኒቱ በደም ውስጥ እጅግ ዝቅ ባለበት ጊዜ፣ ማለት የሚቀጥለው ኪኒን ሊዋጥ ሲል ያለውን መጠን ነው። ስለዚህ በምርመራ ቀን የጧቱን ታክሮሊመስ በኪስ ይዞ ሄዶ ደም ከተቀዳ በኋላ መዋጥ ይገባል። ዘመዳችን አንድ ቀን እንደ ልማዳቸው በ1 ሰዓት ውጠው ደማቸውን በ3 ሰዓት ሰጡ፤ ልኩም ከፍ ብሎ ታየ። ነርሷ «አባባ፣ ዛሬ ውጠዋል እንዴ?» ብላ ባትጠይቃቸው ኖሮ የማይገባ ቅነሳ ሊደረግባቸው ነበር። ይህ ስሕተት የመጣው ከስንፍና ሳይሆን ሰዓትን ከማክበር መሆኑን ልብ ይሏል።

ስለ ሌሎች መድኃኒቶች። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ታክሮሊመስን በደም ውስጥ እጅግ ያሳንሰዋል። እንደ ክላሪትሮማይሲንና እንደ ፍሉኮናዞል ያሉት ደግሞ ያበዙታል። ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም ብዙ ሰው የሚገዛቸው አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ኩላሊቱን ይጎዳሉ። ስለ ቅጠላ ቅጠልም እንዲሁ ነው፤ አባቶቻችን የሚያውቁት የሥርና የቅጠል መድኃኒት በንቅለ ተከላ መድኃኒት ላይ ምን እንደሚያደርግ አልተመዘነም፤ ስለዚህ በአክብሮት መተው ይሻላል። በሕይወት ያለ ግን የተዳከመ ተሐዋሲ ያለበት ክትባት፣ እንደ ኩፍኝና እንደ ቢጫ ወባ ያለው፣ ለእነዚህ በሽተኞች አይሰጥም። የኪኒኑ ፋብሪካ ከተለወጠም ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል፤ ስሙ አንድ ቢሆንም በደም ውስጥ ያለው ልክ ሊለይ ይችላልና።

ስለ ምግብና ስለ ውኃ። በአርዲቦ ዳር ለተወለደ ሰው ውኃውን በእፍኙ ቀድቶ መጠጣት ተፈጥሮ ነው። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ግን ውኃውን አፍልቶ ይጠጣ፤ ዓሣውን አብስሎ፣ ወተቱን አፍልቶ ይመገብ። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ለእርሱ አይሆኑም። ጫት የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ የደም ግፊት ደግሞ የኩላሊት ጠላት ነው። ወባም ይሁን ብርድ ነው ሳይባል፣ ትኩሳት የተሰማው በሽተኛ በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ስለ ጾም። አገሩ የክርስቲያንም የእስላምም ነው። በረመዳን ከማፍጠሪያ እስከ ሱሑር ያለው ጊዜ 12 ሰዓት አይሞላም፤ ቀን ሙሉ ውኃ ማጣትም ኩላሊትን ይፈትናል። በዐቢይ ጾምም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው የምግቡ ሥርዓት ይለወጥበታል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለበሽተኛ ፈቃድ አላቸው። ስለዚህ በሽተኛው ሰዓቱን በራሱ ከማዛወሩ በፊት ሐኪሙን፣ ቀጥሎም የንስሐ አባቱን ወይም ሼሁን ያማክር።

በመጨረሻ ስለ ስንቅ እንናገር። ከሐይቅ ከተማ እስከ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከደሴም እስከ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ጦርነት ደሴንና አካባቢዋን በያዘ ጊዜ መንገዱ ተዘጋ። ሊዘጋ ሲል በዘመዳችን እጅ የቀረው የዘጠኝ ቀን ኪኒን ብቻ ነበር። ልጆቻቸው ቤቱንም ከብቱንም ትተው ወደ ደብረ ብርሃን አወጧቸው፤ መድኃኒቱም ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ከአዲስ አበባ ተገኘላቸው። ከዚያ ወዲህ የአንድ ወር መጠባበቂያ፣ ከምድጃና ከእርጥበት ርቆ፣ በራሱ ማሸጊያ ውስጥ ይቀመጣል። ከማለቁ በፊትም ይተካል።

እኛ እንደምናስበው፣ ለተተከለ ኩላሊት ከሁሉ የሚከፋው ቀን የሕመም ቀን አይደለም፤ የታመመ ሰው ሐኪም ይፈልጋልና። የሚከፋው ሰውዬው ደኅና ሆኖ፣ እርሻው አምሮ፣ «ዛሬስ ብተወው ምን እሆናለሁ?» የሚልበት ቀን ነው። ኩላሊቱ መጣል ሲጀምር ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ የሚያውቀው የደም ምርመራ ነው። ከጠፋም በኋላ እኅት ሁለተኛ ኩላሊት ልትሰጥ አትችልም። ስለዚህ የጎረቤትና የቤተሰብ ተግባር «እስከ ዛሬ ትውጣለህ?» ማለት ሳይሆን «ዛሬስ ውጠሃል?» ብሎ መጠየቅ ነው። የዘመዳችን እኅት ይህን ከማናችንም አስቀድመው ያወቁ ይመስለናል። በየማታው በ1 ሰዓት ስልክ ደውለው «ጋሼ፣ ኩላሊቴን አበሉልኝ ወይ?» ይላሉ።