ሄሞግሎቢን በደጋ አገር

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከበላይዋ ያለው አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ከቆላ የመጣ እንግዳ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ የላስታ ገበሬ እህሉን ተሸክሞ ወግ እያወጋ ይወጣዋል። በላሊበላ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገባው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ይህን ከሳንባ ተቀብሎ ለጡንቻና ለአንጎል የሚያደርሰው ሄሞግሎቢን የተባለ ፕሮቲን ነው።

ሄሞግሎቢን የሚሠራው በአጥንት መቅኔ፣ ቀይ የደም ሕዋስ ገና ሳይበስል ነው። አስኳሉ ውስጥ ካለው ዲኤንኤ ላይ ጂኑ በአርኤንኤ ይገለበጣል፤ ቅጂውም ወደ ራይቦዞም ይወጣል። ራይቦዞም ፊደሎቹን ሦስት ሦስት እያደረገ ያነባል፤ በየሦስቱ አንድ አሚኖ አሲድ እየመጣ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ከቀደመው ይቀጠላል። የአልፋ ሰንሰለት 141፣ የቤታ 146 አሚኖ አሲድ አለው። ሁለት አልፋና ሁለት ቤታ ተጣጥፈው ሲጋጠሙ ሄሞግሎቢን ይሆናሉ። ከዚያ ሕዋሱ አስኳሉን አውጥቶ ይጥላል፤ ቦታውን ለሄሞግሎቢን ይለቃል።

አራቱም ሰንሰለቶች እያንዳንዳቸው አንድ የብረት አቶም ይዘዋል። ኦክስጅን በአንዱ ብረት ላይ ሲያርፍ ብረቱ ጥቂት ይንቀሳቀሳል፤ የያዘውን እጥፋት ይስባል፤ የቀሩት ሦስቱም ቅርጻቸው ተለውጦ ኦክስጅንን ይበልጥ አጥብቀው ይይዛሉ። በሚሠራ ጡንቻ አጠገብ፣ አሲድነቱ በጨመረበት፣ ቅርጹ ወደ ቀድሞው ይመለስና ጭነቱን ያራግፋል። ይህን ቅርጽ በኤክስሬይ የገለጠው ማክስ ፔሩትዝ በ1962 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። በቤታ ሰንሰለት ስድስተኛው አሚኖ አሲድ ብቻ ሲቀየር ሲክል ሴል የሚባለው የደም በሽታ ይመጣል፤ ቅርጽ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

አየር ሲሳሳ ኩላሊት ኤሪትሮፖየቲን የተባለ ሌላ ፕሮቲን ይለቃል፤ መቅኔውም ቀይ ሕዋስ ያበዛል። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ወንዶች በዴሲሊትር ደም ወደ 19 ግራም ሄሞግሎቢን አላቸው፤ ደም ሲወፍር ግን ልብን ያደክማል። ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 አማሮችን መርምረው በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ውጤት ለዚህ ነው ያስደነቀው፤ የወንዶቹ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም ነበር። በጠረፍ ከሚኖር ሰው ብዙም አይርቅም። ሄሞግሎቢናቸውም 95 ከመቶ ያህል ኦክስጅን ተሸክሟል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ የጂን ጥናት ደግሞ በቲቤታውያን ሄሞግሎቢን ላይ ተጽዕኖ ያላቸው የጂን ልዩነቶች በአማሮች ላይ ያንን ሥራ እንደማይሠሩ አሳይቷል፤ የእኛ ደገኞች አካል ለስስ አየር የተላመደው በራሱ መንገድ ነው።