የመብረቅን ርቀት በቁጥር

ክረምት ነውና ዛሬ ስለ መብረቅ እንጫወት።

መብረቅና ነጎድጓድ የሚወለዱት ባንድ ቅጽበት ነው። ታዲያ ብልጭታውን አስቀድመን አይተን ድምፁን ዘግይተን የምንሰማው ስለምንድን ነው? ብርሃን ወዲያው ይደርሳል፤ ድምፅ ግን በአንድ ሴኮንድ የሚሄደው 340 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ብልጭ ሲል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያላችሁ ረጋ ብላችሁ ቁጠሩ። ነጎድጓዱ ሲሰማ ያቆማችሁበትን ቁጥር ለ3 አካፍሉት። 9 ከሆነ መብረቁ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቋል ማለት ነው። 30 ሳይሞላ ከሰማችሁ ግን አደጋው ቅርብ ነው፤ ከገላጣው ሜዳና ከኮረብታው አናት ቶሎ ራቁ።

ድምፁስ ከየት መጣ? መብረቅ የሚያልፍበት አየር እስከ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል። የፀሐይን ገጽ አምስት እጥፍ መሆኑ ነው! አየሩ በድንገት ሲለጠጥ ያን ጩኸት ያሰማል።

ቀይ ልብስ መብረቅ ይጠራል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። መብረቅ ቀለም አይመርጥም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመታው ከፍ ብሎ የቆመውን ነው። በሜዳ ላይ ብቻዋን የቆመች ዋርካ ከዝናብ ታስጠልል እንደሆነ እንጂ ከመብረቅ አታድንም። ዛፏን ሲመታ ኃይሉ በመሬቱ ላይ ይሰራጫል፤ የፊትና የኋላ እግሩ የተራራቀው በሬ ደግሞ ኃይሉን በአንደኛው እግር ተቀብሎ በሌላው ያስወጣል። ባንድ ዛፍ ሥር ብዙ ከብት ባንዴ የሚያልቀው ለዚህ ነው።

መብረቅ የመታውን ሰው ለመንካት ከቶ አትፍሩ፤ በገላው ላይ የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም። ትንፋሹ ተቋርጦ እንኳ ቢሆን፣ ፈጥነው ከረዱት የሚተርፍ አለ።