ግማሽ ፍሬ የልጅ መጠን አይደለም

በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ልጅ ሲያተኩሰው የአዋቂው ክኒን ከመሳቢያ ይወጣል፣ ከሁለት ይገመሳል፣ ግማሹ በማንኪያ ውሃ ተደፍጥጦ ይሰጠዋል። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ትንሽ ሰው ትንሽ መድኃኒት ይበቃዋል የሚል። ሕክምናም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ያስብ ነበር። ስሕተቱን የተረዳው ግን ሕፃናት ከሞቱ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ክሎራምፌኒኮል የተባለው አንቲባዮቲክ ለአራስ ሕፃናት ይሰጥ ነበር። የአዋቂ ጉበት ይህን መድኃኒት ለውጦ በሽንት እንዲወጣ ያደርገዋል፤ የአራስ ጉበት ግን ለዚህ ሥራ ገና አልደረሰም። መድኃኒቱ በደማቸው ተጠራቀመ፣ ቆዳቸው አመድ መሰለ፣ ሞቱም። የአሜሪካ ሐኪሞች ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ1959 ይፋ አደረጉ።

ታዲያ ለልጅ ሁልጊዜ መቀነስ ነው? አይደለም፤ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገርመው። ለቲቢ የሚሰጠውን አይሶኒያዚድ እንውሰድ። አዋቂ በየኪሎው 5 ሚሊግራም ሲወስድ ለልጅ የሚመከረው 10 ሚሊግራም ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን አባት 300 ሚሊግራም ይወስዳል። በክብደት ብቻ ብናካፍል 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጁ 50 ይደርሰዋል፤ የሚያስፈልገው ግን 100 ነው። ከአራስነት ያለፈ ልጅ ብዙ መድኃኒቶችን ከአዋቂ ፈጥኖ ከሰውነቱ ያስወግዳልና። በአባቱ ልክ የተሰላለት ልጅ መድኃኒቱን እየዋጠ ቲቢው ላይድን ይችላል።

ዕድሜና ክብደት እኩል ሆነውም ልጅ ከልጅ ይለያል። እኛን በቅርብ የሚነካን ይህ ነው። ኮዴይን የተባለው የሕመም ማስታገሻ በራሱ ደካማ ነው፤ ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው የሚሠራው። የኢንዛይሙ ጂን ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው ሞርፊኑን በፍጥነትና በብዛት ያመርታል፤ በትክክል የታዘዘ መጠን እንኳ የልጅን ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የምትሠራው ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ትርፍ ቅጂ ነበራቸው። በስዊድናውያን ዘንድ ከመቶ ሰው አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው። የአገራችን የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ኮዴይንን አገደ፤ ተገቢ ውሳኔ ነበር። አሜሪካም ቶንሲል ከወጣላቸው ሕፃናት የተወሰኑት ከሞቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 አስጠነቀቀች፣ በ2017 ደግሞ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሁሉ ከለከለች።

የዛሬው ምርምር የሚደክመው መጠኑን ለአንድ ልጅ፣ ለዚያው ልጅ፣ ለመስፋት ነው። በደም ካንሰር ለታመመ ሕፃን መርካፕቶፑሪን ከመታዘዙ በፊት ጂኑ ይመረመራል፤ መድኃኒቱን የሚሰብረው ኢንዛይም ጨርሶ ከሌለው ከተለመደው መጠን አንድ አሥረኛው ገደማ ይበቃዋል። አስቸጋሪው ነገር ከሕፃን ደጋግሞ ደም መቅዳት አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከብዙ ሕፃናት ጥቂት ጥቂት ናሙና ይሰበስባሉ። ዕድሜን፣ ክብደትንና የኩላሊትን አቅም አንድ ላይ የሚያሰላ የሒሳብ ቀመርም ይሠራሉ። ሐኪሙ ከዚያ በአንድ ወይም በሁለት ምርመራ ብቻ የልጁን መጠን ያስተካክላል።

ይህ ሁሉ በየጤና ጣቢያው እስኪደርስ፣ በእጃችን ያለውን እናድርግ። የልጅዎን ኪሎ ይወቁ፤ መድኃኒት ሲታዘዝለትም ሳይጠየቁ ይናገሩ። ሽሮፕን አብሮት በመጣው መለኪያ እንጂ በወጥ ማንኪያ አይለኩ። ለታላቁ የታዘዘውንም ለታናሹ ገምሰው አይስጡ።